ደረቋ ቦታ

ከተማችንን በስሟ መጥራት አያስፈልግም። የኖረባት ያውቃታል፤ ያልኖረባትም ስሟን ስለሰማ የሚቀርበት ዝናብ የለም። ኮረብታ ላይ ጉብ ያለች፣ ክረምቷ ረጅም፣ ሰዎቿ ትሑታን የሆኑ ከተማ ናት። ትሕትናችን ከመብዛቱ የተነሳ ሰው የሚጠይቀው ነገር ሲኖረው በር ራሱ አያንኳኳም፤ አንኳኪ ይቀጥራል። እኔ አንኳኪ ነኝ። አባቴም አንኳኪ ነበር፤ እጁ የተባረከ ነበር ይሉታል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለይቅርታ የሚንኳኳ በር ለሽምግልና እንደሚንኳኳው አይንኳኳም። የይቅርታው ከጠነከረ ጠብ ይጨምራል፤ የሽምግልናው ከላላ ደግሞ የልጅቷ አባት "ይሄ ልጅ አቅም የለውም እንዴ?" ብለው ይጠራጠራሉ። አንኳኪ ካንኳኳ በኋላ ፈቀቅ ብሎ ዝም ይላል፤ መናገር የባለጉዳዩ ነው። ባለቤቴ የሻረግ እኔን የመሰለ ወሬኛ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ትላለች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በሰው ደጅ ዝም ስል ውዬ ቤቴ ገብቼ ባላወራ የት ላወራ ነው?

በከተማችን ከነውር ሁሉ የከፋ አንድ ነውር አለ። የቤት ባለቤት ቤቱ ጉድለት እንዳለባት አይነገረውም። ይህን መናገር በሰው መሐል "እናትህ ታነክሳለች" እንደማለት ነው፤ ብታነክስም አይባልም። አከራይ ተከራዩን መንገድ ላይ ሲያገኘው "ቤቴ እንዴት ናት?" ብሎ ይጠይቃል፤ ተከራዩም ጎንበስ ብሎ "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት" ይላል። ግድግዳዋ ተሰንጥቆ ከሆነ "ደህና ናት፤ ትንሽ ፈገግ ብላለች" ይላል። ጣሪያዋ የሚያፈስ ከሆነ "ደህና ናት፤ ትንሽ ላብ ላብ ይላታል" ይላል። አከራዩም "ይማራት" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

እኛ የተከራየነው የጋሽ ዘርጋውን ቤት ነበር። ጋሽ ዘርጋው ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ አከራይ የሚል ቃል ሲያይ ጥርሱን እንዳያፋጭባቸው ብዬ ነው። ረጅም፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ የነጣ፣ የሰው ስም የማይረሱ ሽማግሌ ናቸው። ለበዓል ድፎ ዳቦ ይልኩልናል። ከመካከላችን ሰው ሲታመም ሎሚ ይልካሉ። ቤቷን ግን ገብተው አያዩም። እስከ አጥሩ ድረስ ይመጡና ቆም ብለው፣ ሰው የልጅነት ፎቶውን እንደሚያይ ያዩዋታል፤ ከዚያ በትራቸውን አንስተው ይመለሳሉ። ለምን እንደማይገቡ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ አንኳኪ ቀጥሮ ካልሆነ እንዴት ይጠየቃል?

የቆርቆሮው ነገር የጀመረው በአንዲት ጣሳ ነው። ጣሳዋ ስትሞላ ሳፋ ጨመርን፤ ከሳፋው ቀጥሎ ባልዲ፣ ከባልዲው ቀጥሎ የሰርጋችን ትልቁ ድስት መጣ። አልጋችንን ዝናቡ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየነዳ ቤቱን አዞረው። በመጨረሻ ከምሰሶው ሥር ሰው ተጣጥፎ የሚቀመጥባት አንዲት ደረቅ ቦታ ቀረች። የሻረግ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መውለጃዋም ዝናቡ በሚበረታበት ወር ላይ ነበር። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆማ ቤቱን ቃኘችና በጣቷ ወደዚያች ቦታ አመለከተች።

"ያቺ የልጁ ናት" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ያቺን ቦታ አንረግጣትም። እኔ አንድ ጊዜ እርጥብ ጫማዬን እንዲደርቅ አስቀምጬባት የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። የሻረግ ተቆጥታ አይደለም፤ ጫማውን አንስታ ዝናብ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያም ሻይ ሰጠችኝ። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

መቼም የከተማችን ሕግ ተከራይን መፍትሔ አልከለከለውም። መንግሥት የለም እንዳይባል የጠብታ ሹም የሚባል ባለሥልጣን አለ፤ ሥራውም የሚያፈስ ጣሪያ አይቶ ማረጋገጥ ነው። ሄድኩ። ሹሙ የሚሠራው ከምሳ በፊት ብቻ መሆኑን ነገረኝ። የኛ አገር ዝናብ ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው የሚመጣው። ጠብታ በዓይኔ ካላየሁ የለም ነው የምለው አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ከሰዓት ብቅ ቢል ብዬ ለመንኩት። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ላብ ላብ ስለሚለው ጃንጥላ ይዞ አጠገቡ መቀመጥ እንዳለበት፣ ትቶት ሊሄድ አንጀቱ እንደማይችል አስረዳኝ። ለቢሮው ባለቤት ለምን አይነግርም ብዬ ስጠይቀው በድንጋጤ አየኝና በሩን ዘጋ።

ራስን ችሎ መጠገንስ? ይሄም አለ። ሆኖም በከተማችን ቤት የሚጠግነው ወራሽ ነው፤ ስለዚህ የሰው ቤት ላይ ሚስማር የመታ ባለቤቱን በቁሙ ገደለው ማለት ነው። አንድ ጎረቤታችን አንዲት ሚስማር መትቶ ጉድ ሆነ። ድንጋይ ተሸክሞ አከራዩ ደጅ ድረስ ሄደ፤ በሩን ያንኳኳሁለት እኔ ነኝ። አከራዩ እንባቸው እየወረደ ይቅር አሉት፤ መረቁት፤ መሰላል አስመጥተውም ሚስማሯን በገዛ እጃቸው ነቀሉለት። አሁን ዝናቡ በሚስማሯ ቀዳዳ ይገባል።

መልቀቅም ይቻላል፤ ማንም አስሮ አያስቀምጥም። ነገር ግን አዲሱ አከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ከዚያኛው ቤት ለምን ወጣህ?" ብሎ ነው። እውነቱን መናገር ነውር ነው፤ ውሸት መናገር ኃጢአት ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ንቀት ነው። በዚህ ምክንያት በከተማችን ከሬሳ ሳጥን በቀር ቤት ለቆ የሚወጣ የለም።

ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም እንደሚባለው፣ ለሰው ስንት በር ያንኳኳሁ ሰው ለራሴ ማንኳኳት አቃተኝ። አንድ ቀን የሻረግ ሆዷን ይዛ ያንን የሰርግ ድስት ለመድፋት ስትጎነበስ አየሁ። ተነሥቼ ጋሽ ዘርጋው ደጅ ሄድኩ። እጄን አነሣሁ። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ፤ ራሳቸው ናቸው።

ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ማንም አልላከኝም፣ ለራሴ ነው አልኳቸው። ደነገጡ፤ አንኳኪ ለራሱ ሲመጣ በከተማችን ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ ፊታቸው በራና "ቤቴ እንዴት ናት?" አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። "ደህና ናት" አልኩ፤ "ብቻ፣ ላቡ በረታባት።"

"አይዞሽ በልልኝ" አሉና ገብተው ሎሚ ይዘውልኝ መጡ።

የሻረግ ሎሚውን እጄ ላይ አየችው። ቀጥላ "ጣሪያው ላይ ልትጨምቀው ነው?" ስትል ጠየቀችኝ። ሳቋ መጣ፤ የኔም መጣ፤ ድስቱ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውሃ እያጀበን ሁለታችንም ሳቅን። ሳቋ ሲያበቃ ዓይኗን ጠረገችና ቁም ነገር ያዘች።

"ሰውየው ለጥገና አይመጡም" አለች። "ለልቅሶ የማይመጣ ሰው ግን በዚህ ከተማ አይቼ አላውቅም።"

"ማን ሞተ?" አልኳት።

"ቤቷ።"

የአገሬን ልቅሶ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። በኛ ዘንድ የሟች የቅርብ ሰው ከጥሩንባው ጀምሮ እስከ ሠልስት ድረስ በሟች ቤት ተቀምጦ ይሰነብታል። ሰውነት ግድ ካላለው በቀር አይነሣም፤ ቢነሣም የሚመለሰው መጀመሪያ ወደተቀመጠባት ቦታ ነው። ቦታውን የቀየረ ሐዘንተኛ ሟቹን እንዳቃለለ ይቆጠራል። ቤት ስትሞት ደግሞ ከባለቤቷ የበለጠ የቅርብ ሰው ከየት ይመጣል? የየሻረግ ሐሳብ ጋሽ ዘርጋውን ያ ድስት በተቀመጠበት ቦታ ላይ ለማስቀመጥ ነበር። ማንም ምንም ሳይናገር፣ ነውር ሳይፈጸም፣ ዝናቡ ራሱ ይነግራቸዋል።

የእድራችን ዳኛ አቶ ጓንጉል ጥያቄውን በጥሞና ሰሙ። የእድሩን ደንብ አገላብጠው ስለ ቤት የሚከለክል ነገር አጡበት። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ አማት ይላል፤ "እና የመሳሰሉት" ይላል። ቤት ከመሳሰሉት ውስጥ እንደምትገባ ወሰኑ። የቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀብሯ መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ። የጓሮዋ ግድግዳ ቀስ በቀስ ወደ መሬት እየገባ ስለሆነ ራሷ ጀምራዋለች አልኳቸው። ነፍስ ይማር ብለው ጥሩንባ ነፊውን ጠሩት።

በነጋታው ማለዳ ጥሩንባው "የጋሽ ዘርጋው ቤት አርፋለች" እያለ ከተማውን ዞረ። ሰው ጉድ አላለም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ፤ ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽም መጣች። እትዬ አልጋነሽ አልቃሽም አዋላጅም ናት፤ በከተማችን ሰውን የምትቀበለውም የምትሸኘውም አንድ ሴት ናት፤ ሁለቱም ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ጥሩ ጉሮሮና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው ትላለች። የየሻረግን ሆድ በእጇ ዳብሳ ገና ነው አለችና ሙሾዋን ጀመረች።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ዘርጋው መጡ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። እመለሳለሁ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ በትራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ያን በር ገቡ።

ድስቱን አንሥተን ንጹሕ ፍራሽ አንጥፈን ነበር። ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ዝናቡም ያኔ ጀመረ።

እዚህ ላይ የሆነውን ለመናገር ብዕሬ ያፍራል። የሚወዱት ሽማግሌ፣ ያውም ሐዘንተኛ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ጠብታ ሥር ሊቀመጡ ሲሉ ለቀስተኛው ሁሉ አላስችል አለው። "ኧረ እዚያ አይሆንም፣ ይበርዳል!" አለ አንዱ። "ወዲህ፣ ወዲህ" አለ ሌላው። ከግራ ከቀኝ ደግፈው አነሧቸው። የግራ ክንዳቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ማን ያዘኝ፣ ማን አዘዘኝ፣ አላውቅም፤ እጄ ራሱ ነው የሄደው። ወስደን ከምሰሶው ሥር፣ ያቺ ደረቋ ቦታ ላይ አስቀመጥናቸው። ቀና ስል የሻረግ በአልጋችን መጋረጃ ቀዳዳ እያየችኝ ነበር። በዚህ ጊዜ ሻይም አልሰጠችኝም።

እንግዲህ ሐዘንተኛ አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው። ጋሽ ዘርጋው ደርቀው ተቀመጡ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ይበሰብሳል። አቶ ጓንጉል ከጢማቸው ውሃ እየተንጠባጠበ የመጽናኛ ቃል ተናገሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እየጨመቁ ደረታቸውን መቱ። ጋሽ ዘርጋው ይህን ሁሉ እርጥብ ፊት ተራ በተራ አዩ። ለቤቴ ይህን ያህል ሰው እንዲህ እንባውን ያፈስላታል ብዬ አላሰብኩም ነበር አሉ። ከዚያ ጣሪያውን ሳይሆን ሰዉን እያዩ፣ ደህና አልነበረች እንዴ፣ ምን አገኛት ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ። በመጨረሻ አንዱ "ላብ ላብ ሲላት ቆይቶ ነው" አላቸው።

እትዬ አልጋነሽ ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ደህና ናት ደህና ናት ሲሉሽ የከረሙ፣
ዛሬ ምን ሰምተው ነው ደጅሽ ላይ የቆሙ።"

ይህ ለኛም ለእሳቸውም ነበር። ጋሽ ዘርጋው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። እንደ ወግ አይደለም፤ ትከሻቸው እየተናጠ ነው። ትንሽ ቆይተው ሳይገለጡ ተናገሩ። በዚህ ቤት ነው የተወለድኩት አሉ። እናታቸው ናቸው ያሠሯት፤ ጭቃውን ያቦኩት በገዛ እግራቸው ነበር። እናታቸው ሲሞቱ እሳቸው ሩቅ አገር ነበሩ፤ ሲደርሱ ልቅሶው አልፎ ቤቱ ውስጥ አብሯቸው የሚያለቅስ ሰው እንኳ አላገኙም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን አላለፉም።

"ሳላያት ከቆየሁ እንደነበረች የምትቆየኝ ይመስለኝ ነበር" አሉ። "ይሄ የናንተ ልቅሶ የእናቴ ሆነልኝ።"

ያን ጊዜ በእሳቸው ላይ የነበረኝ ቂም ሁሉ ጠፋ፤ እዚያው ቆሜ ወደድኳቸው። ደረቋ ቦታ ግን አሁንም በእሳቸው ሥር ነበረች።

በማግሥቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ ሲመጣ የየሻረግ ምጥም አብሮ መጣ። እትዬ አልጋነሽ ሙሾዋን መሐል ላይ አቋርጣ እጅጌዋን ጠቀለለች። ወንዶች ከቤት ይውጡ ተባለ፤ ደንብ ነው። ሐዘንተኛ እስከ ሠልስት አይነሣም፤ እሱም ደንብ ነው። አቶ ጓንጉል ሁለቱን ደንቦች ፊት ለፊት አቁመው ጥቂት ተጨነቁ። በመጨረሻ ጋሽ ዘርጋው ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ቢከናነቡ እንደሌሉ ይቆጠራል ብለው ወሰኑ። ጋሽ ዘርጋው ተከናነቡና የሉም ሆኑ።

እኔ ደጅ፣ ድንኳኑ ሥር ቆሜ በእጄ የድንኳኑን ምሰሶ አንኳኳለሁ። የምን ዓይነት ማንኳኳት እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አባቴም አላስተማረኝም። የሻረግ ስትጮኽ እሰማለሁ፤ ቆርቆሮው ሲጮኽ እሰማለሁ። ከዚያ ሁለቱንም ያልሆነ ቀጭን ድምፅ ሰማሁና ደንቡን ረስቼ ገባሁ።

ሴት ልጅ። እትዬ አልጋነሽ በነጠላ ጠቅልላ ይዛት መሐል ቤት ቆማለች፤ የምታስቀምጥበትን ታያለች። አልጋው ላይ ይንጠባጠባል። ፍራሹ ረጥቧል። ሳፋው፣ ባልዲው፣ ድስቱ በየቦታቸው ናቸው። የሻረግ ከተኛችበት ቀና ብላ ወደ ምሰሶው አየች፤ እኔም አየሁ፤ እትዬ አልጋነሽም አየች። ከዚያ እትዬ አልጋነሽ ሄዳ የጋሽ ዘርጋውን ጋቢ ከራሳቸው ላይ ገለጠች።

"ያዟት" አለቻቸው።

ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። ልጅቷ አንዴ አፏን ከፈተችና ጋቢው ሲሞቃት ዝም አለች። እንደተባለውም ደረቋ ቦታ የልጁ ሆነች፤ ብቻ ሰው ጨምራ ነው።

ዝናቡ በዚያ ክረምት ከዘነበው ሁሉ በረታ። ጥቂት ቆይቶ ከምሰሶው ራስ ላይ፣ ጠብ ብሎ ከማያውቅበት፣ አንዲት ጠብታ ወርዳ ልጅቷ ግንባር ላይ አረፈች። ልጅቷ ተኮሳተረች። ጋሽ ዘርጋው ግንባሯን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። ሁለተኛዋ ወረደች። ያኔ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ብዙ ቆዩ። ከገቡ ጀምሮ ቀና ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛዋን በእጃቸው ቀለቧት።

መነሣት አይችሉም። ቦታ መቀየር አይችሉም። መዳፋቸውን ከልጅቷ ግንባር በላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ሲሞላ ወደ ጎን ይደፉና ቀጣዩ ሳይደርስ ይመልሱታል። ክንዳቸው ሲዝል በጉልበታቸው ደገፉት። ልተካዎት ብዬ ቀረብኩ።

"ተወኝ" አሉኝ፤ "የኔ ቤት ነው።"

ሠልስት ሲደርስ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ንፍሮው ሳያልቅ ገንፎው ተገንፍቶ ስለነበር ማዘንና መደሰት ያለበት ማን እንደሆነ ያልገባው ብዙ ነበር። አቶ ጓንጉል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለቅሶው በወጉ እንደተፈጸመ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ እንደሚባል ተናገሩ። ቀጠሉና ደንቡ እንደሚለው የተለቀሰለት ሁሉ ይቀበራል እንጂ አይጠገንም አሉ። ቤቷ ዛሬውኑ ትፈርሳለች፤ ቆርቆሮዋ ለእድሩ ድንኳን፣ በሯ ለጥሩንባ ነፊው ይሰጣል፤ ነዋሪዎቿም ሌላ ይፈልጉ።

ይህን አላሰብነውም ነበር። እኔም የሻረግም። ለቅሶ ጠርተን ሰው ስናስለቅስ የሞተች ቤት እንደምትቀበር አእምሯችን አልደረሰበትም። የሻረግ መጋረጃውን ይዛ ቆመች። አንድ ነገር በል የሚል ዓይን ወደ እኔ ላከች። አፌን ከፈትኩ። ግን የማውቀው ማንኳኳት ነው፤ መናገር የባለጉዳዩ ነው። የማንኳኳው በር ደግሞ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ምሰሶው ጎንበስ ብዬ፣ ጋሽ ዘርጋው ጆሮ አጠገብ፣ በጣቴ እንጨቱን አንኳኳሁ። በቀስታ፣ ሕፃን በማያስነሣ ማንኳኳት፣ ሁለቴ። ፈቀቅ አልኩና ዝም አልኩ።

ጋሽ ዘርጋው ቀና አሉ። አንድ እጃቸው ልጅቷን አቅፏል፤ ሌላኛው እንደተዘረጋ ነው፤ መዳፉ በውሃ ብዛት ተኮማትሯል።

"ቤቴ ታፈሳለች" አሉ።

አንዲት ሴት ጆሮዋን ያዘች። አቶ ጓንጉል ያልሰሙ ለመምሰል ሰማይ ሰማይ አዩ።

"አልሞተችም" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "የሞተ ቤት ልጅ አይወለድበትም። ቤቴ ታፈሳለች። ግድግዳዋም ፈገግ አላለም፤ ተሰንጥቋል። የኔ ናት፤ ጥፋቱም የኔ ነው።"

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው በቀጭን ድምፅ "የኛም ታፈሳለች" አለ። ሌላው የበሩ ማጠፊያ እንደወለቀ ተናገረ። አንዱ ስለ ጭስ መውጫው፣ አንዱ ስለ ወለሉ፤ ሰው ሁሉ ለዓመታት በአፉ ይዞት የኖረውን ይተፋ ጀመር። የጠብታ ሹሙ እንኳ፣ ለቀስተኛ ሆኖ መጥቶ ነበርና፣ የቢሮው ነገር ሲነሣ ፊቱን አዙሮ እንባውን ጠረገ። ጋሽ ዘርጋው ልጅቷን ለእናቷ አቀበሉና፣ ሠልስት ደርሷልና፣ ተነሡ። ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። ቀጥለውም መሰላል ጠየቁ።

በዚያ ሰዓት ዝናብ አልነበረም። ባለቤቱ ቆርቆሮውን ይዘው፣ እኔ መዶሻውን ይዤ፣ ሁለታችንም ጣሪያው ላይ ወጣን። ባለቤቱ በሕይወት አጠገቤ ስላሉ የገደልኩት ሰው አልነበረም። በዕድሜዬ ካንኳኳሁት ሁሉ የዚያን ቀኑን የመሰለ አላውቅም፤ እያንዳንዷ ሚስማር "ግባ" ስትለኝ ይሰማኝ ነበር።

ከተማችን ከዚህ ምን ተማረች ለሚለኝ፣ ተምራለች። የከተማው ሸንጎ ተሰብስቦ ነገሩን መረመረና ለተከራይ አዲስ መፍትሔ ጨመረ። ቤቱ ያፈሰሰበት ተከራይ ይውለድ የሚል ነው። ያላገባ ያግባ፤ ያገባ ይፍጠን ይላል። እትዬ አልጋነሽ ሥራ በዝቶባት ሙሾውን ትታዋለች። የጠብታ ሹሙም በበጋ ከምሳ በፊት መጥቶ ቤታችንን አየና፣ አፍስሳም አታውቅም ብሎ ሄደ። አንኳኪዎች ግን አሁንም አለን፤ ለከተማችን ትሕትና ጥገና አልተገኘለትም።

ልጅቷን ማረፊያ አልናት። አሁን ቆማ ትሄዳለች፤ እንደ አባቷም ብዙ ታወራለች። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ከምሳ በኋላ ሲጀምር፣ በራችን ይንኳኳል። አንኳኪ የላኩ አይደሉም፤ ጋሽ ዘርጋው ራሳቸው ናቸው፤ ማንኳኳት አይችሉበትም፣ እኔ ግን አላርማቸውም። ገብተው ከምሰሶው ሥር፣ ያቺ ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ። ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ማረፊያ መጥታ ጭናቸው ላይ ትወጣና የእሷንም መዳፍ ከእሳቸው ጎን ትዘረጋለች። ለምን እንደምትዘረጋ አታውቅም፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስላታል። ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ሁለቱ ይጠብቃሉ። የሻረግ ቀና ብላ ታያቸውና "እስካሁን ምንም የለም?" ትላቸዋለች።

"እስካሁን ምንም የለም" ይላሉ ጋሽ ዘርጋው፤ እጃቸውን ግን አያጥፉም።